እህቴ የሠራችው አፍንጫ

እቅጩን ተናግሬ ይውጣልኝ፤ እህቴ ላይ እቀናለሁ። እሷ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቅናቴም የእሷ እኩያ ነው። በተወለደች በሳምንቷ እናታችን እቅፍ ውስጥ ተሸጉጣ ሳያት የጀመረኝ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሰው ሲጠይቀኝ «እህቴ እኮ ናት! እንዴት እንደምኮራባት ብታውቁ!» እላለሁ። እውነትም እኮራባታለሁ። ኩራቱም ቅናቱም አንድ ሆድ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሲጣሉ ግን የሚቃጠለው የእኔ ጨጓራ ነው።

ቤት ውስጥ ጩጬ ነው የምንላት፤ ሁለት ልጆች ወልዳም ስሙ አልለቀቃትም። እኔን «እትዬ» ትለኛለች፤ በአሥራ አንድ ዓመት እበልጣታለሁና። ሁለታችንም ኬሚስቶች ነን፤ የምንሠራውም አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ወደዚያ ያስገባኋት እኔው ነኝ። ማመልከቻዋን ይዤ ከቢሮ ቢሮ የዞርኩት እኔ። አንዳንዴ፣ ያን ቀን ምነው እግሬን ወለም ባለኝ እላለሁ።

እሷ ሴንሰር ትሠራለች። ሴንሰር ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ሰው ሠራሽ አፍንጫ ነው። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ጠጠር መሳይ ነገር በኤሌክትሪክ ትግላለች፤ የምትፈልገው ጋዝ ሲነካት በውስጧ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ይሄኔ መሣሪያው ይጮሃል። እኔ ደግሞ የካሊብሬሽን ክፍል ኃላፊ ነኝ። መጠኑ በትክክል የታወቀ ጋዝ አዘጋጅቼ ለሴንሰሩ አቀርብለትና «ይህ አሥር ነው፣ ይህ ሃያ ነው» ብዬ አስተምረዋለሁ። ያለ እኔ የትኛውም ሴንሰር እውነቱን መናገር አይችልም። ሊጎበኘን የሚመጣ እንግዳ ግን ስለዚህ ጉዳይ ጠይቆኝ አያውቅም።

ጩጬ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ ወተት ሊበላሽ ሲል ቀለሙን የሚለውጥ ወረቀት ሠራች። ገና ልጅ ናት ብለን አጨበጨብንላት። ቀጥላ የቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ደረታቸው ላይ የሚሰኩት፣ አየሩ ሲመረዝ የሚንጫጫ መሣሪያ ሠራች። ያኔ ሽልማት መጣ። ዋንጫውን ተቀብላ ስትመለስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «የሁለታችን ነው እትዬ» አለችኝ። ፊቷ ላይ ተንኮል ፈለግሁ፤ የለም። ትንሽ ተንኮል ቢኖርባት እንዴት በገላገለኝ! የሚያናድደው ይሄ ነው፤ ለመጥላት እንኳ አትመችም።

እናታችንም አታግዘኝም። ቤቷ እንግዳ ሲመጣ «ትንሿ ልጄ እኮ ጋዝ የሚያሸት ማሽን የሠራችው ናት» ትልና፣ እኔ እንዳይከፋኝ ደግሞ «ትልቋም እዚያው ናት» ብላ ትጨምራለች። እዚያው ናት! እንደ በሩና እንደ መስኮቱ። የደረቱ መሣሪያ ጋዜጣ ላይ የወጣ ጊዜ ከጩጬ ጎን ቆሜ ፎቶ ተነስቼ ነበር። ጋዜጣው ሲመጣ ገጹን ሙሉ እሷ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ ትታያለች፤ ከእኔ የተረፈችው ክርኔ ብቻ ናት። እናታችን ጋዜጣውን በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቅላዋለች። እዚያ ቤት በሄድኩ ቁጥር ምሳዬን የምበላው ከክርኔ ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጬ ነው።

ጉድ ያፈላው ሦስተኛው ሥራዋ ነው። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሲሊንደር ጋዝ ሲያፈተልክ የሚጮህ፣ ማንም ቤት ሊገዛው የሚችል ትንሽ ሣጥን ለመሥራት ተነሳች። አምስት ዓመት ፈጀባት። በሦስተኛው ዓመት ሽንኩርት በተጠበሰ ቁጥር እየጮኸ አስቸግሯት ነበር። «የከሰል ጨርቅ አልብሽው፤ ጨርቁ የሽንኩርቱን ያስቀርልሻል፣ ጋዙን ያሳልፈዋል» ያልኳት እኔ ነኝ። ሠራላት። ስብሰባ ላይ ብድግ ብላ «ይህ የእትዬ ሐሳብ ነው» አለች። ሁሉም ፈገግ አለ፤ እንዴት ያለች ትሑት ልጅ፣ ለእህቷ ስትል ነው ብለው። እውነቱን ተናግራልኝ እንኳ የተመሰገነችው እሷ ሆነች! ያን ቀን አንጀቴ አርሮ ማታ እራት አልበላሁም።

በመጨረሻ ሣጥኑን የሚገመግም ኮሚቴ ቀን ቆረጠ። ሣጥኑ ፈተናውን ካለፈ ፋብሪካ ገብቶ ይመረታል፤ እሷም ጡረታ በሚወጣው አለቃችን ቦታ ትቀመጣለች። የእኔ አለቃ ትሆናለች ማለት ነው፤ ጩጬ! ከወደቀ ደግሞ ሥራው ይዘጋል፤ አምስት ዓመቷ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ጸለይኩላት እንዳልላችሁ፣ ለየትኛው እንደምጸልይ ራሴም አላውቅም ነበር።

የእኛ ሥራ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ወደ መፈተኛው ክፍል የሚገባ ሰው ሽቶ፣ የፀጉር ቅባት፣ የእጅ ክሬም የሚባል ነገር አይቀባም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በሩ ላይ የተለጠፈውም የእጅ ጽሑፌ ነው። ፀጉር የሚያበሩት ቅባቶች ውስጥ ያለው ሲሊኮን በተለይ ጠላታችን ነው። እየተነነ ሄዶ የጋለችው ፍሬ ላይ ሲያርፍ ተቃጥሎ ስስ መስታወት ይሆንና ይሸፍናታል። ከዚያ በኋላ ሴንሰሩ ዕውር ነው፤ ቤቱ በጋዝ ቢሞላም አይሰማውም፣ ቢያክሙትም አይድንም። ስለዚህ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ፀጉሬን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቤ፣ እንደ መጥረጊያ የቆመውን በሻሽ ጠፍሬ ስሠራ ኖርኩ። አንድ ጊዜ አለቃችን ራሱ ጺሙን ተላጭቶ ሎሽን ተቀብቶ ቢመጣ ከበር መልሼዋለሁ። ጩጬንም ሥራ የጀመረች ቀን ቧንቧ ሥር አስጎንብሼ ፀጉሯን አጥቤያታለሁ። እሷማ ምንም ሳትቀባም ያምርባታል።

ኮሚቴው ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ፎቶ አንሺ አብሮ እንደሚመጣ ሰማሁ። ከሥራ ስወጣ እግሬ ራሱ ሱቅ አስገባኝ። ሻጯ ከላይ እስከ ታች አየት አደረገችኝና አንድ ጠርሙስ የፀጉር ቅባት አንስታ «እናቴ፣ ይህችን ይሞክሯት፤ አሥር ዓመት ነው የምትቀንስልዎት» አለችኝ። ጠርሙሱ ላይ «ሽታ የለውም» ይላል። ሽታ ከሌለው ታዲያ ምን ችግር አለው? አልኩ ለራሴ። ልብ በሉ፣ ይህን ያለችው «ሴንሰር የሚፈራው ሽታውን ሳይሆን ትነቱን ነው» እያለች ስንቱን ጀማሪ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ጠርሙሱን ገልብጬ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ማንበብ እችል ነበር። አላነበብኩም። ለምን እንዳላነበብኩም አውቃለሁ፤ ባነበው ልመልሰው ነዋ።

ሦስቱንም ቀን ጠዋት ጠዋት ተቀባሁት። ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ ዘንፈል ብሎ ወረደ፤ አበራ። ሻሼን ቤት ጥዬው መጣሁ። ዘበኛው ሳይቀር በር ላይ «ዛሬስ ማን ልበል?» ብሎ ቀልዶብኛል። የመፈተኛው ሣጥን ቁም ሣጥን የሚያህል የመስታወት ቤት ነው፤ ለፈተናው የተዘጋጁት ስድስት ሴንሰሮች ውስጡ ተደርድረው እስከ ፈተናው ቀን እንደጋሉ ይቆያሉ። እኔም ራሴን ውስጥ አስገብቼ ሽቦ ሳስተካክል፣ በመስታወቱ መልኬን ሳይ፣ ፀጉሬን በጣቴ ወደ ኋላ ስመልስ፣ በዚያው ጣት ክዳኖቹን ስነካካ ዋልኩ። ጩጬ አንድ ጊዜ በር ላይ ቆማ አየችኝ። አፏን ልትከፍት ብላ ተወችውና ፈገግ ብላ ሄደች። ፈገግታዋን ንቀት አድርጌ ወሰድኩት።

በቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ገባ፤ ጺማቸው የሸበተ ሰብሳቢ፣ ሁለት መሐንዲሶች፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ጸሐፊ። ፎቶ አንሺውም መጣ። በዚህ ጊዜ ቀድሜ መሃል ላይ ቆምኩ።

ጋዙን የምለቀው እኔ ነኝ። ትንሹን መጠን ለቀቅሁ፤ ዝም። ይህስ ደንብ ነው። መጮህ ያለባቸውን መጠን ለቀቅሁ፤ ዝም። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። እጥፍ አድርጌ ለቀቅሁ፤ ከስድስቱ አንዱ እንደታመመ ጫጩት ሲጥ ብሎ አረፈ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ጩጬ ዞረ። ከንፈሯ ደርቆ፣ ሁለት እጇን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከታ ቆማለች።

አልዋሽም፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ፊቴ እንዳዘነ ሰው ጭፍግግ ብሏል፤ ውስጤ ግን ሠርግ ነው። እሰይ! ለአንድ ቀን እንኳ ይቅርባት! ለአንድ ቀን እንኳ እንደ እኛ ትሁን!

«ከዚህ በፊት ይሠሩ ነበር?» አሉ ሰብሳቢው።

«ባለፈው ሳምንት ስድስቱም ጮኸዋል» አለች ጩጬ።

«እንግዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጠብቃችኋለን። ምክንያቱን ካገኛችሁ መልካም። ካላገኛችሁ ግን በማናምነው ዕቃ የሰው ሕይወት አናስይዝም፤ ይዘጋል።»

ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ሁለት ሴንሰሮች ይዤ ነበር የወጣሁት። አንዱን ፈትቼ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግሁት። ላድናት አይደለም፤ ጥፋቷን በዓይኔ ልይ ብዬ ነው። ፍሬዋ ላይ ስስ፣ የሚያብለጨልጭ ሽፋን ተጋግሯል። ሁለተኛውንም ፈታሁ፤ ያው ነው። እንዲህ ያለውን ሽፋን «ይህን ካያችሁ አንድ ሰው ቅባት ተቀብቶ ገብቷል ማለት ነው» እያልኩ ለጀማሪዎች ሳሳይ ኖሬያለሁ። እጄ ሳላዘው ወደ ፀጉሬ ሄደ።

ከዚያ ራሴን መደለል ጀመርኩ። ማን አየሽ? ጩጬ ሣጥኑን የምታጣብቅበት ሙጫም እኮ ሲሊኮን አለበት፤ ሙጫው ነው ቢባል ማን ይከራከራል? ጡረታዬ ስድስት ዓመት ቀርቶታል፤ ሌላውን ሁሉ ከበር ስመልስ ኖሬ፣ በስተርጅና በፀጉር ቅባት ተያዘች ልባል ነው? የክፍሉን ቁልፍ ይቀበሉኛል። እሷ እንደሆነ ገና ናት፤ ሌላ ትሠራለች፣ ሌላ ዋንጫ ታመጣለች። ሰዓቱ ስምንት እስኪሆን እንዲህ ስል ቆየሁና ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም ልል ወሰንኩ። ውሳኔው ራሱ አላስደሰተኝም፤ ግን ወሰንኩ።

በሩ ተንኳኳ።

«እትዬ፣ ልግባ?»

ከፈትኩላት። ዓይኗ ቀልቷል፤ በእጇ አንድ ወረቀት ይዛለች።

«አገኘሽው?» አልኳት።

«አዎ። ሙጫው ነው። ሲሊኮን ያለበትን ሙጫ የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ ጽፌዋለሁ። እዚህ ጋ ፈርሚልኝ፤ የካሊብሬሽን ፊርማ ያስፈልገዋል።»

ያሰብኩት ሁሉ ሳልጠይቅ እጄ ላይ መጥቶ ተቀመጠልኝ። እስክሪብቶ አነሳሁ። መፈረም ብቻ ነበር የቀረኝ። ነገር ግን ወረቀቱን አንድ ጊዜ ሳነበው የሙያ ነገር ሆኖ አላስቻለኝም።

«ይሄ ሙጫ ባለፈው ሳምንትም ነበረ እኮ። ያኔ ለምን አላሳወራቸውም?»

ወለሉን ታያለች።

«ጩጬ፣ እያናገርኩሽ ነው።»

«እትዬ፣ በናትሽ ፈርሚና ይለቅ።»

ገባኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ታውቂ ነበር?»

«ከትናንት ወዲያ፣ በር ላይ ሆኜ ሳይሽ። ፀጉርሽ እንዴት እንደሚያበራ!»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝም? አምስት ዓመትሽን እኮ ነው!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? በመስታወቱ መልክሽን እያየሽ ለራስሽ ፈገግ ስትዪ ነው የደረስኩት። እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። ሂጂ ታጠቢ ልበልሽ? ትንሽ ነው፣ ይችሉት ይሆናል አልኩ። ተሳሳትኩ።»

«እና አሁን የእኔን ጥፋት ልትሸከሚ?»

«እኔ ሌላ ይመጣልኛል እትዬ። አንቺ ግን…» አለችና አቆመች።

አንቺ ግን። ከዚያ በኋላ ያለውን ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር። በመልክ በለጠችኝ፤ ተፈጥሮ ነው ብዬ ቻልኩት። በሥራ በለጠችኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። አሁን ደግሞ በደግነትም ልትበልጠኝ ወረቀት ይዛ መጣች? አዝናልኝ፣ ለእኔ ብላ ልትወድቅ? ወረቀቱን ለሁለት ቀደድኩት።

«እትዬ! ምን ሆንሽ?»

«ሌላውን ሁሉ ወስደሻል፤ ይቺን ግን አትወስጃትም!» ብዬ ጮህኩባት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም። ሁለቱን ሴንሰሮች አንስቼ ኮሪደሩን እየሮጥኩ ሄድኩ፤ እሷም «እትዬ፣ እትዬ» እያለች ከኋላዬ። ለእውነት ብዬ ነው የሄድኩት እንዳይመስላችሁ። የእህቴ ምሕረት አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ስድስት ዓመት ከምኖር መባረር ይሻለኛል ብዬ ነው።

የስብሰባውን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩት።

«ሴንሰሮቹን ያሳወርኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። ትንፋሽ አጥሮኛል። «ሦስት ቀን ሙሉ ፀጉሬን ሲሊኮን ያለበት ቅባት ተቀብቼ መፈተኛው ሣጥን ውስጥ ስሠራ ነበር። ይኸው፣ በማይክሮስኮፕ እዩት። እህቴ ምንም አላጠፋችም። ያልተነኩ አሥር ሴንሰሮች ታሽገው ተቀምጠዋል። መፈተኛው ሣጥን ይታጠብ፣ እኔ ከክፍሉ ልውጣ፣ በእነሱ ይደገም።»

አንደኛው መሐንዲስ ሴንሰሮቹን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ለሰብሳቢው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላቸው። ሰብሳቢው ጺማቸውን እየዳሰሱ ትንሽ አሰቡ።

«ጥሩ፤ ፈተናው ከአሥር ቀን በኋላ ይደገማል። እርስዎ ግን እስከዚያ መፈተኛው ክፍል አይገቡም። ስለ ኃላፊነትዎ አለቃዎ ይወስናሉ።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። አልቋል ብዬ ልወጣ ስል ሰብሳቢው መልሰው ጠሩኝ።

«አንድ ነገር አልገባኝም። በሩ ላይ ያለውን ሕግ የጻፉት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ያልሰበሩትን ሕግ በዚህ ሳምንት ለምን ሰበሩት?»

በኮሪደሩ ስሮጥ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ዘንግቼው ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ጠርሙሱ ሽታ የለውም ይላል። ጩጬ ከኋላዬ ቀደመችኝ፤ «ሰሞኑን ሥራ በዝቶባት፣ ደክሟት ነው…» ማለት ጀመረች። እያለቀሰችም ልታተርፈኝ ትሞክራለች።

«ቀንቼ ነው» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«እህቴ ላይ ቀንቼ። ፎቶው ላይ ከእሷ እኩል ልታይ ብዬ ነው የተቀባሁት። ከተወለደች ጀምሮ እቀናባታለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ጩጬ ለቅሶዋን አቆመች። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አንስታ ሰብሳቢውን አየቻቸው።

«ምክንያት በሚለው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ… የግል ጉዳይ በይው።»

«የለም» አልኩ። «እንዳልኩት ጻፊው።»

ጻፈችው። ከዚያም ቃለ ጉባኤው ተነበበና እንደ ደንቡ እየዞረ ሁላችንም ፈረምን። እህቴ ተራዋ ሲደርስ ያን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከስሜ ሥር ፈረመችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«እኔ እኮ የምትወጂኝ ነበር የሚመስለኝ» አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

«እወድሻለሁም» አልኳት። ጸሐፊዋ ግን መዝገቡን ዘግታ ነበር።